ኤደን ላይ የወረደው የበልግ ዱዓ

ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ብዙ ነገሩ ይቀየራል። ልብሱ ይቀየራል፣ ምግቡ ይቀየራል፤ እኛ ወሎዬዎች እንኳ የመን መጥተን ኤደን ጥቂት ከቆየን «እሺ» ማለቱን ትተን «ጠይብ» እንላለን። ስለ ዝናብ ያለውን አመለካከት የቀየረ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። በልግ ሲቀር ያየ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ፊቱ ይፈካል፤ የትም ይሁን፣ የማንም ደመና ይሁን። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ የተለየ አታደርጉም፤ አትኩሩብኝ።

ኤደንን ለማታውቋት ልንገራችሁ፤ ሙቀቷ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ፣ ግድግዳው ራሱ የሚያልበው ይመስላል። ዝናብ ድሮ እዚህ እንግዳ ነበር አሉ፤ በስንት ጊዜው አንዴ ብቅ ብሎ፣ አቧራውን አርሶ የሚሄድ ጨዋ እንግዳ። አሁን ግን ጠባዩ ተበላሽቷል። መንሱራ ሰፈር የምሠራበት ቤት ያለው ቴሌቪዥን «ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቋል፣ የአየር ንብረቱ ተለውጧል፣ ዶፉም አውሎ ነፋሱም የመጣው ከዚያ ነው» ይላል። ባሕሩን ማን አሞቀው? እኔ እንጃ። ያሞቀው ሰው ግን እኛ ሰፈር፣ አል-ሚምዳራ፣ አይኖርም።

አል-ሚምዳራ የምንኖረው እኔና ዘይነብ ነን፤ አሮጊቷ ሐጃ ሙና ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን። ዘይነብ የአገሬ ልጅ ናት፤ እንደኔው የሰው ቤት ሠራተኛ። አልጋዋ ሥር የአገር መግቢያ ሻንጣ ነበራት። እዚህ ያለን ሴቶች ሁላችንም አለን፤ መሄጃችን ሳይታወቅ ሻንጣችን ይሞላል። የዘይነብ ግን መሄጃዋ ታውቆ ነበር። እናቷ «በልጉ ይዝነብና ትመጫለሽ፤ መሬቱ ደርቆ ምን አብልቼ እቀበልሻለሁ?» ስላሏት፣ ነገሩ ሁሉ የዝናቡ ፈንታ ሆነ።

ዝናቡ ቀረ። እናትየው ደውለው «በአላህ ዱዓ አድርጉልን» አሉ። እኛም እዚህ ያለን የአገር ልጆች አርብ ከሰዓት ተሰበሰብን፤ ቴምር ቀረበ፣ እጅ ተዘረጋ፣ እንባም አልቀረ። ወሎዬ ዱዓ ላይ አይሰስትም። «ያ ረቢ፣ አውርደው! ዶፉን አውርደው!» አልን። ለወሎ መሆኑ ለፈጣሪ የታወቀ ነው ብለን ቦታውን ሳንጠራ ቀረን መሰለኝ።

በሳምንቱ ኤደን ላይ ሰማዩ ጠቆረ።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። ሐጃ ሙና ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ጣሪያው እየወጡ «ሐዋለይና ወላ ዐለይና!» ይላሉ፤ ዙሪያችንን ይሁን፣ በኛ ላይ አይሁን ማለታቸው ነው። እኛ ደግሞ ግቢው መሃል ቆመን፣ መዳፋችንን ዘርግተን፣ «ረህመት ነው! ረህመት ነው!» እያልን እንበሰብሳለን። ዝናብ ላይ የተደረገ ዱዓ ይሰማል፤ ለምኖት ከመጣለት ዝናብ የሚሸሽ ሰው ደግሞ በኛ አገር ነውረኛ ነው።

«ያ በናት! እናንተ ልጆች!» ብለው ጮኹ ሐጃ ከላይ። «ዕቃችሁን አውጡ! ሰይል ጃይ!»

ሰይል ጎርፍ መሆኑን እናውቃለን። ግን ጎርፍ ለኛ ከተራራ የሚወርድ ነገር ነው፤ በዚህ ሜዳ ከየት ይመጣል?

ከላይ ካለው ደረቅ ሸለቆ መጣ። በሩን ገንጥሎ ገባ፣ ግድግዳውን ይዞ ወጣ፤ ከግድግዳው ጋር የዘይነብን ሻንጣ። ለእናቷ የገዛችው ሻሽ፣ ለወንድሟ የገዛችው ጫማ፣ ፓስፖርቷ ሳይቀር ሄደ። እኛ ሰው አልሞተብንም፣ አልሐምዱሊላህ። ከኛ ዝቅ ብለው ያሉ ጎረቤቶቻችን ግን እንዲህ ማለት አልቻሉም።

በማግስቱ እናትየው በቪዲዮ ደወሉ። ዘይነብ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ እንደቆመች ፊቷን ጠራርጋ ስልኩን አነሳችው።

«ዘነበላችሁ አሉ?»

«አዎ እማ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እስቲ አሳዪኝ በሞቴ!»

ምን ታድርግ? ስልኩን ወደ መንገዱ አዞረችው። ውሃው ከዳር እዳር ተኝቶ ፀሐይ ያበራበታል። የፈረሰውን አላሳየቻቸውም፤ እናትን ማስጨነቅ በኛ ዘንድ ከመዋሸት ይከፋል። ደግሞስ እሷ ብቻ ናት? በማዳሟ ሳሎን ውስጥ ፎቶ ተነስታ ለቤተሰቧ ያልላከች ካለች ትውጣና ትናገር። ስደተኛ የሚያሳየው ያማረውን ጎን ነው፤ አገር ቤትም የሚያየው እሱኑ ነው።

እናትየው እልል አሉ። ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። ከዚያ «ታድላችሁ!» አሉ። «እንዲህ ያለ አገር ይዘሽ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ? እዚያው ሁኚ። እንዲያውም ወንድምሽን ከድርን እልክልሻለሁ፤ እዚህ የሚያርሰው የለውም።»

«እማ፣ ቆይ!» አለች ዘይነብ።

ስልኩን ወደ ፍርስራሹ ስታዞር መስመሩ ተቋረጠ። የኤደን ኔትወርክ እንደ መብራቷ ነው፤ ሲሄድ መመለሻውን አይናገርም። በተመለሰ ጊዜ ከድር ከቤት ወጥቶ ነበር። በየት እንደሄደ እናቱም አያውቁም፤ ደላላው ያውቃል።

አሁን ዘይነብ የዕረፍት ቀኗን የምታሳልፈው አስፋልት ዳር ነው። ከባሕር ወጥተው በእግራቸው ወደ ሳዑዲ የሚያቀኑት የአገራችን ወጣቶች በዚያ ያልፋሉ። እኔም አብሬያት እቆማለሁ። እኔ ውሃ እሰጣለሁ፣ እሷ የከድርን ፎቶ ታሳያለች፣ እነሱ «አላየነውም» ብለው ያልፋሉ። ፀሐዩ ዓይን አያስገልጥም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ባለፈው አርብ የአገር ቤት ሰፈሯ ልጅ የሆነ ጎረምሳ ገጠመን። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከድርን አላገኘውም። የሰጠሁትን ውሃ ጨልጦ፣ ዙሪያውን አሸዋውን ቃኘና፣ እንዳትቀየመው የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘይነብን ጠየቃት።

«እትዬ፣ ያ በስልክ ያሳየሽን ውሃ በየት በኩል ነው?»