የድንቢጧ ጥሎሽ

ገበያ ወጥቶ በተጠራለት ዋጋ የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው ይባላል። ይባል! እኔ ግን የባሰውን ሞኝ አውቀዋለሁ፤ ዋጋ በማስቀነስ ችሎታው የሚኮራው ነው። ከየት አወቅኸው ካላችሁኝ፣ ጠዋት ጠዋት በመስታወት አየዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ባለቤቴ አስናቀች እቁብ ደርሷት፣ የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛ ብሩን ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች። እኔ ምን አግብቶኝ ነካሁት? ከአርባ ምንጭ የሚመላለስ አንድ ሾፌር፣ የኛን አገር ሰማያዊ ድንቢጥ ጥንድ ጥንዱን በውድ የሚገዛ ሰው አዲስ አበባ አለ ብሎኝ ነዋ! ወንድና ሴት አጣምሬ አስፈለፍላለሁ፣ ጫጩቶቹን እሸጣለሁ፣ አስናቀች በአንድ ፈንታ ሁለት መኪና ትገዛለች። ይህን ሁሉ ሳስረዳት አመሸሁ። በመጨረሻ፣ መኪናዬን ወፍ ከበላችው አንተን አያድርገኝ ብላ የሣጥኑን ቁልፍ ሰጠችኝ።

ወንዱን ቅዳሜ ገበያ በሦስት ብር ገዛሁ። ጉንጩ ቀይ ነው፤ ወንድነቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። የሽቦ ቤቱን የሠራልኝ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ግን አሥራ ሁለት ብር ላጠኝ። ቤቱ ከባለቤቱ አራት እጥፍ ሲወደድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለቀለቡ የገዛሁት ዳጉሳ ሳይቆጠር ነው እንግዲህ። ቀረች ሴቷ።

ሴቷን የያዙት አቶ ጋርሾ የሚባሉ ማር የሚሸጡ የአሪ ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው። አምስት ብር አሉ። ሁለት አልኩ። አሁንም አምስት አሉ። ያ የተረገመ ምላሴ የተፈታው ይኼኔ ነው። አቶ ጋርሾ፣ እኔ እኮ ልጄን ልድር ነው የመጣሁት፣ ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝና ዘመድ እንሁን፣ በአምስት ብር እንጣላለን እንዴ አልኳቸው። ገበያተኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ትንሽ አሰቡና፣ ዘመድ ከሆንን ብር አልቀበልህም ብለው ወፏን አስያዙኝ። በነፃ! ቤት ገብቼ ደረቴን ነፍቼ ለአስናቀች ስለ ንግድ ጥበብ አስተማርኳት።

በሳምንቱ አቶ ጋርሾ ከወንድማቸው ጋር መጡ። የጥሎሹን መጀመሪያ፣ አንድ ዶማ ሊቀበሉ። በእሳቸው አገር ጥሎሽ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም ለካ፤ ሚስት የወሰደ ሰው ሲሰጥ ነው የሚኖረው። ዶማውን ገዛሁ። በሌላው ቅዳሜ ለወፏ እናት ጨው ተባልኩ። ቀጥሎ ወንድማቸው፣ የሙሽራዋ አጎት ነኝ ብሎ ብርድ ልብስ ጠየቀኝ። የወፍ አጎት! ቢመረኝ፣ ወፍዎን ይውሰዱልኝ አልኳቸው። ሽማግሌው ክው አሉ። ምን አጥፍታ ነው የምትፈታት አሉኝ።

ቀበሌ ሸንጎ ከሰስኳቸው። ጥሎሽ ኋላ ቀር ልማድ ነው ተብሎ በየስብሰባው ሲወገዝ መኖሩን ጠቅሼ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ተከራከርኩ። ዳኛው በጥሞና ሰማኝና፣ እውነት ነው ጓድ፣ ነገር ግን መመሪያው ስለ ሰው እንጂ ስለ ወፍ አያነሳም አለኝ። ቀጥሎም፣ ዘመድ እንሁን ብለሃል ወይስ አላልክም ሲል ጠየቀኝ። ብያለሁ። እስካሁንስ ምን ሰጠህ? ዶማ፣ ጨው፣ ብርድ ልብስ። ፍየልስ? ፍየል አልሰጠሁም። ታዲያ ገና ነሃ! አለኝ።

ፍየሉን ገዛሁ። ሣጥኑ ባዶውን ቀረ። አስናቀች ከፈተችው፣ አየችው፣ መልሳ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ማታ የሰው ቀሚስ በእጇ ስትጠቅም እያየሁ አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

ተስፋዬ ጫጩቶቹ ላይ ነበር። ተመስገን፣ አራት ተፈለፈሉ። ሾፌሩም ጥንድ ጥንድ ከሆኑ ልውሰዳቸው አለ። ጉንጫቸው እስኪቀላ ጠበቅን። ሳምንታት ጠበቅን። አንዱም እንኳ አልቀላ አለ፤ አራቱም ሴት! ሾፌሩ፣ ባል የሌላቸውን ወስጄ ምን ላደርጋቸው ነው ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

አቶ ጋርሾ ግን ሲያዩዋቸው አቀፉኝ። አራት ሴት ልጅ ያለው ሰው ምን ይጎድልበታል፣ ከእንግዲህማ ተቀምጠህ ትበላለህ አሉኝ። የሴት ልጅ አባት ጥሎሽ ተቀባይ መሆኑ እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ቅዳሜ አራቱን ይዤ ገበያ ቆምኩ፤ አምስት አምስት ብር ጠራሁ። የሚከራከረኝን፣ የሚለማመጠኝን፣ ዝምድና የሚጠይቀኝን ጠበቅሁ። ምን ያደርጋል! የእኔን ጣጣ ያልሰማ ገበያተኛ የለም፤ የመጣው ሁሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አምስት ብሩን ቆጥሮ እጄ ላይ ያስቀምጥና ወፏን ይዞ ይሄዳል። ሃያ ብር ይዤ እንደዚያን ቀን አዝኜ አላውቅም።

ቤት ስደርስ አቶ ጋርሾ በራፌ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጆቻቸው መዳራቸውን ሰምተው፣ የአያትነት ድርሻቸውን ሊቀበሉ ነው። አስናቀችን በዓይኔ ተማጸንኳት። እሷ ከመርፌዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ ሃያውንም ስጣቸው አለችኝ፤ ከሁለታችሁ መኪና ሊገዙልኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።