የሐያት አሚን

እኔ የምለው፣ ሽማግሌ ሲመርቅ አቋርጣችሁ ታውቃላችሁ? የሌላውን አገር እንጃ። እኛ ወሎ ግን ዝናብ ቢመጣም፣ ወጥ ቢያርም፣ እጅ ዘርግቶ አሚን እያሉ መጨረስ ነው። ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ ምርቃት የሚቋረጥበት ፊልም እንሥራ ብለን የተነሣነው።

መካነ ሰላም ከተማ የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። የመመረቂያ ሥራችን አጭር ፊልም ነበር። ዳይሬክተሩ ኑሩ፤ የተቀረጸውን ቆራርጣ የምትገጣጥመው ደግሞ እኔ። ታሪኩ ቀላል ነው። አባት ለልጁ ባል መርጦ ሲመርቃት፣ ልጅቷ በመሀል አቋርጣ «አባባ፣ እኔ አላገባም» ትላለች። በቃ። ልጅቷን የክፍላችን ልጅ ሐያት ሆነች። አባትየውን ደግሞ ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ይመር። ትወና አያውቁም፤ ጢማቸው ግን ያውቃል።

የቀረጻው ዕለት ኑሩ አስረዳቸው። «ጋሽ ይመር፣ ሁለት ሦስት ቃል ይመርቁና እሷ ታቋርጥዎታለች።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው!

«ትዳርሽን የሰመረ ያድርገው።»

«አሚን» አለች ሐያት።

«ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።»

«አሚን!»

«ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ!»

«አሚን፣ አሚን!»

ኑሩ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «አቋርጪያቸው!» እያለ እጁን ያወናጭፋል። ሐያት አየችው፤ አይታም እንዳላየች ሆነች። እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ምርቃት ማን ያቋርጣል? ቆይቶ ኑሩ ራሱ እጁን ዘርግቶ አሚን ማለት ጀመረ። ድምፁ ቀረጻው ላይ አለ። የእኔም «አሜን» አለ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ምርቃቱ ከትዳር ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ዝናብ፣ ከዝናብ ወደ አገር ሰላም ተሻገረ። ሰላም ላይ ሲደርሱማ ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥር ወዲያ ሆኖ ተቀበላቸው።

ሲጨርሱ ሐያት እንባ ባቀረረ ዓይን ጉልበታቸውን ሳመችና ቀስ ብላ «አባባ፣ እኔ አላገባም» አለች። ያን ሁሉ አሚን ካለች በኋላ!

አንዴ እንድገመው ብንላቸው ጋሽ ይመር ደነገጡ። «ምርቃት እንዴት ይደገማል? የመጀመሪያው አልደረሰም ማለታችሁ ነው?» አሉ። በማግስቱ ለዘመድ ሰርግ ወረኢሉ ሄዱ። ሰርግ የሄደ ሽማግሌ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ማስረከቢያ ቀናችን ደርሷል።

እንግዲህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። መብራት ሲመጣ እየቆረጥኩ፣ ሲሄድ እየተከዝኩ ከላፕቶፑ ጋር ተፋጠጥኩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። አበው ኤዲቲንግ አላዩም። የሐያትን አሚን፣ የእኛንና የጎረቤቱንም ጨምሬ፣ እንደ ምስር ጠጠር አንድ በአንድ ለቀምኩት። ድምፁ ጠፋ፤ ከንፈሯ ግን አሁንም ይንቀሳቀሳል። በላዩ የምለጥፈው ዝም ያለ ፊት ፍለጋ ቀረጻውን ሁሉ አገላበጥኩ።

አገኘሁ። ኑሩ ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ ኖሮ፣ ሐያት ምሳ ወደሚመጣበት በር አፍጥጣ ቆማለች። ርቧታል። ያንን ፊት ምርቃቱ መሀል ባስገባው ልብ የሚሰብር ሐዘን ሆኖ አረፈው! ለካ ረሃብና ሐዘን ፊት ላይ አንድ ናቸው።

ኑሩ ሲያየው ግን ፊቱ ጠቆረ። «አሚን ይቆረጣል እንዴ? ተመርቀን ሳንመረቅ ልንቀር ነው!» አለኝ።

«ካልቆረጥኩት ነው የማንመረቀው!» አልኩት። አኮረፈኝ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳንነጋገር ሥራው አለቀ።

ፊልሙ የታየ ቀን አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ይመርም ከሰርጉ ተመልሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ መመረቅ ሲጀምሩ ሐያት ዝም። ሁለተኛውን መረቁ፤ አሁንም ዝም። አዳራሹ መቁነጥነጥ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ከኋላ አንድ ሰው አልቻለም፤ «አሚን!» አለላት። ከዚያማ ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን፤ አዳራሹ የሰርግ ድንኳን መሰለ። «አላገባም» ስትል ግን ጸጥ አለ።  መምህራችን ተነሥቶ «ያ ዝምታዋ! ያ ፊቷ!» እያለ አጨበጨበ። ኑሩም ኩርፊያውን ረስቶ አቀፈኝ።

ደስታዬ እስከ በሩ ድረስ ነበር። በር ላይ የሐያት እናት፣ እትዬ ዘሐራ፣ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ልጄ ሽማግሌ ሲመርቃት ዝም አለች?» አሉኝ። «በየት ልለፍ? እንዲህ ነው ወይ ያሳደገቻት አይሉኝም?»

«እትዬ፣ ኧረ ብላለች! እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«አውጥተሽ የት አደረግሽው?»

«እዚሁ ላፕቶፑ ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው መልሺው!»

ምን አከራከረኝ? የሳቸውን ለብቻ ሠርቼ ስልካቸው ላይ አሳየኋቸው። ምርቃቱ ሳይነካ፣ አሚኑ በየቦታው ገብቶ፣ ጎረቤቱም ከነአጥሩ። መጨረሻ ላይ «አላገባም» ስትል እትዬ ዘሐራ ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት። «ይቺን ተያት። ከዚያ ሁሉ አሚን በኋላ ምን ታደርጋለች?» አሉኝ። እሷንም ቆረጥኩ። መረቁኝ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ሐያት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምንድን ነው የሰጠሻት? እናቴ ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም በትናዋለች! የከላላዋ አክስቴ ‹ሙሽራዬ፣ ሳትጠሩን!› ብላ ስታለቅስ አረፈደች። የአጅባሩ አጎቴ ደግሞ ለሙሽሮቹ ብለው ገንቦ ሙሉ ማር አስጭነው ተነሥተዋል። ባሌ ማን እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም! የዳርሽኝ አንቺ ነሽ፤ አሁኑኑ አፋቺኝ!»

አሳዘነችኝ። እውነትም አሳዘነችኝ።

«አፋታሻለሁ፣ ሐያትዬ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን ማሩ ይድረስ።»