የሙሽራው ወለምታ

በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው አንድ ቃል አለ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ስድብማ መልስ አያጣም። ይሄኛው የፍቅር ቃል ነው። ከሩቅ አይተዋችሁ፣ መንገድ ተሻግረው መጥተው፣ እጃችሁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታችሁን እንደ ገበያ በግ ግራና ቀኝ ካገላበጡ በኋላ የሚሉት ነው፦ «ምነው፣ ተጎዳህ?»

እንደምታውቁት በእኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይከሳም። ወይ ታሟል፣ ወይ ተቸግሯል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። አስቦበት፣ ጫማውን አስሮ፣ ማልዶ ወጥቶ የሚከሳ ሰው ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ስለዚህ «ከሳህ» ማለት ነውር ስለሚመስል «ተጎዳህ» ይባላል። በአንጻሩ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ ሰው ሲገኝ «ተስማምቶሃል!» ነው። ምኑ እንደተስማማው የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ይህ ቃል ሠርጌን ሊያሳጣኝ ነበር። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እኔ አማን እባላለሁ። አሰላ ተወልጄ ያደግሁ፣ የትራክተርና የኮምባይነር መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሥራዬ ቁጭ ብሎ ነው። ዕቃው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከሆነ ደንበኛውን «ያውና፣ ራስህ አውርደው» እለዋለሁ። እጮኛዬ ሰሚራ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው ዴራ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ለሥራ ብላ እዚህ አሰላ ከአባቷ እህት ከእትዬ ዘይነብ ጋር ትኖራለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ተቆርጦልን፣ እኔም ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ዘና ባልኩበት ሰሞን፣ ሰሚራ ፋርማሲው ጭር ባለበት ሰዓት ለጨዋታ ያህል ደም ግፊቴን ለካችኝ። ቁጥሩን አየች፤ ጨዋታው ቆመ።

«አንተ፣ ልታገባኝ ነው ወይስ ባሏ የሞተባት ልታሰኘኝ?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሳጉሬ መንገድ ላይ ነበርኩ።

እዚህ ላይ የእኛን ከተማ ጠባይ ማወቅ አለባችሁ። ሌላ አገር ሰው ለጤናው ይሮጣል አሉ። አሰላ ውስጥ ግን ሩጫ ሙያ ነው፤ አናጢነት ሙያ እንደሆነው ሁሉ። ሲሮጥ የታየ ሰው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ምን ርቀት ነህ?» «አይ፣ ለጤናዬ ነው» ብትሉ የሚያምን የለም፤ «ውጤት አልመጣለትም ማለት ነው» ብለው ያዝኑላችኋል። ሁሉም አሠልጣኝ ነው። የባጃጁ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ በጎኔ እየሄደ «ትከሻህን ልቀቀው፣ ትከሻህን!» ይለኛል። ገብስ የጫነ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ልጅቷ እኮ ቀደመችህ» ብለው ይነግሩኛል፤ ያላወቅኩ መስሏቸው። ሰሚራ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ፣ ሰፊ ቱታዋን ለብሳ፣ ከፊቴ ትሮጣለች። ገና ያልተጋባችሁ ሆናችሁ አብራችሁ ስትሮጡ ማን ይጠብቃችኋል ካላችሁኝ፣ መልሴ ከተማው በሙሉ ነው።

ይኼ ጧት ነው። እሁድ ደግሞ እትዬ ዘይነብ ቤት ምግብ እናበስላለን። እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ፤ ጩኮ በልቼ ነው ያደግሁት። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ ሲጨብጡት ቅቤው በጣት መሀል ሾልኮ የሚወጣውን ጩኮ ማለቴ ነው። ሰሚራ ቅቤን ከቤቱ አባረረችው። ቅንጬ ያለ ቅቤ፣ ጎመን በውሃ፣ ምስር በጠብታ ዘይት! እኔ ሽንኩርት እንድከትፍ ተመደብኩ። ስከትፍ አለቅሳለሁ፤ ሰሚራ በሽንኩርቱ ይመስላታል።

እትዬ ዘይነብ በሩ ላይ በርጩማቸውን አድርገው ይታዘቡናል። አንድ ቀን ከድስታችን በማንኪያ ቀምሰው፣ ዋጥ አድርገው፣ ማንኪያውን ከመለሱ በኋላ «ሆስፒታል የተኛ ሰው አለ እንዴ?» አሉን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ምግቡን አይደለም የምለው። ከሩጫ ስንመለስ በባሕር ዛፉ ጥግ እየተራመድን፣ ጉሙ ከስንዴው ላይ እስኪነሳ ድረስ የምናወራውን ነው። አልጋው በየትኛው ግድግዳ ይሁን፣ እናቴ ስትመጣ የት ትተኛ፣ ማን ቀድሞ ይነሳ፣ ይህን ሁሉ የጨረስነው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ይቺን ልጅ ምን ያህል እንደምወዳት የገባኝም እዚያው ነው፤ ትንፋሼ ተቆርጦ መናገር ሲያቅተኝ የእኔንም የእሷንም ተራ እየወሰደች ስታወራልኝ። ግፊቴ ወረደ። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ከዚያ ያ ቃል መጣ።

እትዬ ዘይነብ ጉዳዩ አሳስቧቸው ነበር። ከእሳቸው ቤት የሚበላ ሰው ከስቶ ከታየ ሰው ምን ይላል? አንድ ማታ ዴራ ለሰሚራ እናት ደወሉ። ያሉት ይህን ነበር፦ «አማን እኮ ያንን ሩጫ ይዞ በጣም ተጎድቷል፤ ስትመጡ ቅቤ ይዛችሁ ኑና አንድ ነገር እናድርግ።» ኔትወርኩ ግን የፈለገውን መረጠ። ዴራ የደረሰው «አማን... ሩጫ... በጣም ተጎድቷል... ኑ» የሚለው ነበር። ወዲያው መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮት ሄደ፣ የእትዬ ዘይነብም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ሞተ።

ዴራ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። እናቷ ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምኑን ተጎዳ?» ሲባል እናቷ «ቀኝ እግሩን ነው አሉ» ብለው መለሱ። ማን እንዳላቸው አላህ ይወቅ። አባቷ ሐጂ ሸምሱ፣ ለሶላትና ለቀብር ካልሆነ ሱቅ የማይዘጉት ሰውዬ፣ በጠዋት ሱቁን ዘግተው ሚኒባስ ተኮናተሩ።

እኔና ሰሚራ ከሩጫ ስንመለስ ሚኒባሱ እትዬ ዘይነብ በር ላይ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ሙክት በግ ታስሯል። እናቷ አሉ፣ አጎቶቿ አሉ፣ ቅቤ የሞላው ቅል አለ። ከሁሉ ኋላ ደግሞ የዴራው ወጌሻ ጋሽ ሙደሲር፣ የተጠቀለለ ጨርቅና ቀርከሃ በብብታቸው ሸጉጠው ይወርዳሉ። ተጎጂው እየሮጠ ወደ ጠያቂዎቹ መጣ።

ሁሉም ደርቀው ቀሩ። መጀመሪያ የነቁት እናቷ ናቸው፤ ዘለው አቀፉኝና እግሬን ሊያዩ ሲያጎነብሱ ዓይናቸው ጉንጬ ላይ ቀረ። «ያ ረቢ! ልጄን ምን ጨረሰብኝ?»

ቤት ገባን። እትዬ ዘይነብ ደረታቸውን እየመቱ «ኧረ ከሳ ማለቴ ነው! ወላሂ ከሳ ማለቴ ነው!» ብለው አስረዱ። እኔም «ሐጂ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ፤ በከንቱ አደከምናችሁ» አልኩ። ሁሉም ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ሐጂ ሸምሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቀስ ብለው ጠየቁ፦

«ካልተሰበረ ታዲያ ምን አከሳው?»

አጎቶቿ ተያዩ። ልብ በሉ፤ የተሰበረ ይጠገናል፣ ምክንያት የሌለው ክሳት ግን ሙሽራ ላይ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ሰሚራ ልታድነኝ ብላ «አባ፣ ስፖርት ነው እኮ፤ እንዲያውም ግፊቱ ወርዷል» አለች። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ደሙ ወረደ አለች!»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ አንተም ልጄ ነህ። ተመርምረህ፣ አገግመህ፣ ሠርጉ ቆይቶ ይደርሳል።»

ቆይቶ! ሠርጋችን የተቆረጠው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ነው። እሱ ካለፈ ጾሙ ይመጣል፤ ከጾሙ በኋላ ክረምቱ፣ ከክረምቱ በኋላ ደግሞ አጨዳው፤ በአጨዳ ጊዜ አርሲ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው እንኳን ሊያገባ ሊላጭም ጊዜ የለው። ቆይቶ ማለት የከርሞ ዓመት ማለት ነው። ሰሚራን አየኋት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያን ሁሉ መንገድ የሮጥነው ወደዚህ ነው እንዴ?

ይህን ጊዜ ጋሽ ሙደሲር፣ እስካሁን ቀርከሃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት፣ ተነሡ። እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ከዴራ አሰላ ድረስ በጎረቤት ሁሉ ፊት ተመርቀው መጥተው ባዶ እጃቸውን እንዴት ይመለሱ?

«ለማንኛውም እግሩን ልየው» አሉ።

ግራ እግሬን ያዙ። አሹት፣ ቅቤ ቀቡት፣ ጠመዘዙት፤ ከዚያ ድንገት ሳብ! «ዋይ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንስ ቢሆን አይጮኽም?

«አለ» አሉ ጋሽ ሙደሲር። «ወለምታ ነው። ሲሮጥ ያገኘው፤ ደብቆት ከርሞ ነው። ሕመም ሲደብቁት ያከሳል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። በሰው ወለምታ እንዲህ የተደሰተ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። እናቷ እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም። ሐጂ ፊታቸው በራና «ለሠርጉ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁ።

«ይደርሳል። ትንሽ ያነክሳል እንጂ።»

እኔ ሰሚራን አየኋት። የተማረች ናት፣ ነጭ ጋውን የምትለብስ ናት፤ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና «አዎ፣ ሲያመው አይቻለሁ» አለች። ትምህርቷን ሁሉ ለእኔ ስትል መሬት ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ማን ወለምታ የለኝም ይላል?

የቀረው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። የግራ ቁርጭምጭሚቴ በቀርከሃ ታሰረ፣ ሩጫ ሐራም ሆነብኝ፣ በጉ ታረደ። ቅቤ በክብር ወደ ቤቱ ተመለሰ። እትዬ ዘይነብ «አጥንት የሚጠግነው ጩኮ ነው» ብለው በየቀኑ አስጨበጡኝ፤ እኔም በሽተኛ ነኝና ታዘዝኩ። ሰሚራ ግፊቴን ልትለካ ስትመጣ «ተይው፣ ያገግም» ይሏታል። በክሳቴ ዘመን የተሰፋው ሱፍ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። የባጃጁ ሹፌር ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ጉዳት ነው አሉ? አይዞህ፣ ስንቱ ከጉዳት ተመልሶ አሸንፏል» አለኝ።

የሠርጉ ቀን ዴራ ይጋላል። ድንኳኑ ሞልቷል። እኔ በሚዜዎቼ መሀል ሆኜ እያነከስኩ ገባሁ። ተለማምጄበት ነበርና ያምርብኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሴቶቹ «ምስኪን! እያመመው መጣላት!» ይላሉ፤ ሐጂ ሸምሱ ደረታቸው ሰፍቶ ለእንግዳው ሁሉ «ይኸው፣ ያልኳችሁ እሱ ነው» ይላሉ። ሰሚራን ከእናቷ እጅ ተቀበልኳት፤ አጠገቤ ሆና፣ የድንኳኑን እኩሌታ እንደሄድን በመጋረጃዋ ሥር ሹክ አለችኝ፦

«አማን፣ ግራ ነበር እኮ።»

ለካ በቀኝ ነው የማነክሰው! የእናቷ ጎረቤቶች ቀኝ ቀኝ ሲሉ ሰምቼ ተሳስቼ ነው። ደነገጥኩ፤ እዚያው በሰው ሁሉ ፊት ወደ ግራ ቀየርኩ።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። አንዲት አሮጊት «ምን ጉድ ነው?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ወደ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ተመለከተ፤ ጋሽ ሙደሲር አጥንት እየጋጡ ነው። ሐጂ ሸምሱም ያዩአቸዋል፣ እኔም አያቸዋለሁ። አጥንቱን ቀስ አድርገው አስቀመጡ፣ ጣታቸውን ጠረጉ፣ ሁለቱን እግሮቼን አንድ በአንድ አዩ።

«ተሻገረ» አሉ። «ወለምታ ሊለቅ ሲል ይሻገራል። ድኗል።»

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሰሚራ እንደ ባለሙያ ምንም አላለችም። እንደ ሚስት ግን ክንዴን ያዘችና ደገፈችኝ፤ በግራ በኩል።