ሮም በቀይ መብራት

ሮም ድረስ ሄዶ ሮምን ሳያዩ መመለስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሙያ ይጠይቃል። ጃፓኑም ጀርመኑም አይችሉበትም፤ ምስኪኖቹ እዚያ ዘመድ የላቸውማ! ካርታቸውን ይዘው ከፍርስራሽ ፍርስራሽ ሲንከራተቱ ይውላሉ። እኛ ግን፣ ተመስገን፣ የትም ከተማ ብንወርድ የአክስት ልጅ አናጣም።

ባለቤቴ ወይንሸት ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት። በምሳ ሰዓቷ ስለ ሮም ታነባለች። የትኛው ቄሳር በማን እጅ እንደተገደለ፣ ፓንቴዮን የሚባለው ቤተ መቅደስ ጣሪያው ለምን ክፍት እንደተተወ፣ ኮሎሲየም ውስጥ አንበሶቹ በየት በኩል ይወጡ እንደነበር ጠይቋት፤ እዚያው አቅራቢያ ሳክሲ ከተማ ካለው ቤታችን ጓዳ ይልቅ አብጠርጥራ የምታውቀው እሱን ነው። "አንድ ቀን በእግሬ እገባበታለሁ" ማለት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆናት።

ባለፈው ዓመት የአራት ቀን ፈቃድ አገኘን። ወይንሸት ኮሎሲየም አጠገብ ሆቴል ቡክ አደረገች። እኔ ደግሞ ሮም ሠላሳ ዓመት የኖረው የአክስቴ ልጅ ታምራት እንዳይቀየመኝ ብዬ ደወልኩለት። "ዘመድ እያለ ሆቴል? ነውር አይደለም እንዴ!" አለኝ። አፍሬ ካንስል አደረግኩት። ሶ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም።

የመጀመሪያውን ቀን ታምራት ቤት በላን። በሁለተኛው ቀን የሚስቱ እህት "የእኔን ቤት ንቃችሁ ነው?" አለች፤ በላን። በሦስተኛው አራስ ልንጠይቅ ገብተን "ገንፎ ሳትቀምሱማ!" ተባልን። ወይንሸት ጫማዋን አድርጋ በተነሳች ቁጥር አንድ ሰው ትከሻዋን ይዞ ያስቀምጣታል። "ኮሎሲየም የት ይሄዳል? ሁለት ሺህ ዓመት የቆመ ነገር!" ይላል ታምራት። እሱ ራሱ ገብቶበት አያውቅም። የአክሱም ሐውልት እንኳ፣ ተዘርፎ ሄዶ፣ ከሚስቴ የተሻለ ሮምን አይቶ ነው የተመለሰው።

በአራተኛው ቀን ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ቀይ መብራት ያዘን። "ያውላችሁ!" አለ ታምራት በአገጩ እያሳየ። ኮሎሲየም! ወይንሸት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አስቀምጣ፣ "እመቤቴ፣ ይሄ መብራት ትንሽ ይቆይልኝ" ስትል ሰማኋት። አረንጓዴው በራ። ከኋላችን ያሉት ጣሊያኖች ክላክሳቸውን አቀለጡት። እስከ ዳላስ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተጓዘች።

ባለፈው ሳምንት ታምራት ደወለ። ከነቤተሰቡ ለአራት ቀን ሊመጣ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን የቴክሳስ ካውቦይ፣ እነዚያን ባለ ረጃጅም ቀንድ በሬዎች ዳላስ ጎን ባለችው ፎርት ዎርዝ ከተማ መንገድ ላይ ሲነዳ ሊያይ። "እዚያው አጠገቡ ሆቴል ልንይዝ አስበን ነበር" አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ወይንሸት ስልኩን ከእጄ ወስዳ ስፒከር ላይ አደረገችው። ድምፅዋ ማር ሆኗል።

"ዘመድ እያለ ሆቴል? ነውር አይደለም እንዴ፣ ታምሩዬ! ዴንተን ያለችው እህቴም፣ የማኅበራችን ሰዎችም እናንተን ለመጋበዝ ከአሁኑ ተራ ይዘዋል።"

"በሬዎቹስ?" አለ ታምራት።

"የት ይሄዳሉ?" አለች ሚስቴ። "ወደ ኤርፖርት ስንሸኝህ ታያቸዋለህ።"