ጨርሶ የማይለቅ ሰው

መቼ እንደነበረ በደንብ አላስታውስም፤ ብቻ የጤፍ ውቂያ አልቆ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ከእጁ መልቀቅ የሚጨንቀው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ወልጃለሁ። ልጄ ቶሎሳ የዶክትሬት ጽሑፉን ለዩኒቨርሲቲው በሚያስረክብበት የመጨረሻ ቀን ከሱሉልታ ሚኒባስ ተሳፈርን። እንጦጦን ሳናልፍ ጥራዙን እንዳቀፈ «ወራጅ አለ» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«አባባ፣ አንድ ገጽ ላይ ነጥብ ረስቻለሁ። ቤት ተመልሼ ላስተካክል።»

አንጀቴን በላኝ፤ አብሬው ልወርድ ተነሣሁ። በሩ ጋ የተቀመጡት ቅቤ ነጋዴ እናት ግን እንኳን ሊያሳልፉን፣ ቅላቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹ።

«ጤፉ ከተወቃ ወዲያ ነዶ ሲቆጠር የት አየህ፣ ልጄ? ተቀመጥ። አንቱም ይቀመጡ።»

ተቀመጥን። አስረከበ። ዛሬ የራሱ ተማሪዎች በነጥብ ሲጨነቁ «ይበቃል፣ አስረክቡ» ይላቸዋል አሉ።

ያን ቀን ያሻገሩን ሴት አዴ ጫልቱ ይባላሉ።