ያልታየ ሆድ አይወራበትም

ሰው በሚታመምበት አገር ሁሉ፣ ሳትጠራ የምትደርስ አንዲት ሴት አትጠፋም። ሐኪም አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም፤ ግን ሐኪሙ ሲያያት ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ከመተማ ድንበር ማዶ፣ በገዳሪፍ ከተማ ይህን መንበር የያዙት ክብርት እትዬ ዕፀገነት ናቸው፤ የሆድ ሕመም ጠቅላይ አዛዥ፣ የድንገተኛ ክፍል በር ባለሟል።

ለእንጀራቸው በእህል ገበያው ዳር ለጉልበት ሠራተኛ ፉል ይሸጣሉ። ቀድሞ ግን ሦስት ዓመት የአንድ ክሊኒክ ወለል ሲጠርጉ ኖረዋል፤ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያልሰሙት ምርመራ የለም። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ያወጡት ሕግ አንድ ነው፦ «ያልታየ ሆድ አይወራበትም።» እሳቸው ባሉበት ስለ ሰው ሆድ «ጨጓራ ነው» ብሎ የተናገረ ወዮለት። «ገብተህ አየኸው?» ይሉታል። አንዱ «ብርድ ነው» በማለቱ በሽተኛውን አዝሎ እስከ ራክሻው፣ እስከ ባጃጁ ድረስ፣ እንዲወስድ ተፈርዶበታል።

ደግሞም እውነታቸውን ነው። በየእርሻው ስንቱ ወጣት ነው ሆዱን እንደያዘ የቀረው? በማስታገሻ ክኒን የተኛው ሰውየው እንጂ በሽታው አይደለም፤ እሱ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። «ጨጓራ» የተባለው ሁሉ ጨጓራ ቢሆን ኖሮ በዚያው አካባቢ ያለው የቁረይሻ መቃብር ግማሹ ባዶ በሆነ ነበር። ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ መጥረጊያና ጆሮ ይበቃል።

ስንሻው ከእሳቸው ጋር የተገናኘው በሰሊጥ ቆረጣ ሰሞን ነው። የመተማ ልጅ ነው፤ ከባሱንዳ እርሻ ጓደኛውን ምንይችልን በሎሪ ጭኖ ገዳሪፍ ገባ። ምንይችል ሆዱን ካመመው ሁለት ቀኑ ነው። ስንሻው ፌጦ በሎሚ በጥብጦ አጠጥቶት ነበር፤ አሁን ደግሞ ፉል ቢቀምስ ይሻለዋል ብሎ እትዬ ዕፀገነት ዘንድ አስቀመጠው። ልጁ ሳህኑን አልነካም።

«ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አሉ እትዬ።

«መጋኛ ነው።»

«መጋኛው ነግሮህ ነው?»

ስንሻው ተናደደ። የማያውቁትን ሰው የሚመረምሩ ፉል ሻጭ አይቶ አያውቅም። እሳቸው ግን ወደ ምንይችል ዞረው ጠየቁት። ትናንት እምብርቱ ዙሪያ እንደነበር፣ ዛሬ ወደ ቀኝ ታችኛው ጎኑ እንደወረደ፣ ሎሪው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ነፍሱ እንደምትወጣ ነገራቸው። ንግግሩን ሳይጨርስ የፉሉ ድስት ተከደነ። በእኩለ ቀን የእትዬ ዕፀገነት ድስት ተከደነ ማለት ጦርነት ታወጀ ማለት ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ጸሐፊ የውጭ አገር ሰው እስከ መጨረሻ ይጠብቅ አለ። እትዬ በዓረብኛ የመለሱለትን ስንሻው አልገባውም፤ ብቻ ጸሐፊው ራሱ በሩን ከፈተላቸው።

ወጣቷ ሐኪም በአልትራሳውንድ ሆዱን አየችው። አንጀቱ ውስጥ ያለው ንፋስ ጋረደባት፤ አልጠራላትም። ስለዚህ «አሺዓ መግጠዒያ» ያስፈልገዋል አለች፤ መብራት ሳይጠፋ ቶሎ ይግባ፣ ትርፍ አንጀቱ ከሆነና ከፈነዳ አደጋ ነው አለች። ሐኪሟ ያለችው ሲቲ ስካን ነው። ምንይችል ግን ያለው ዓረብኛ የእርሻ ዓረብኛ ነው። «መግጠዒያ»ን «ገጢዕ» ብሎ ሰማው፤ በእርሻው «ገጢዕ» ማለት ሰሊጥ ቆረጣ ነው፤ ጠዋት ማጭድ አንስተው የሚወጡበት ቃል። ሐኪሟ ወረቀቱን ጽፋ ቀና ስትል አልጋው ባዶ ነበር።

ስንሻው ከግቢው ውጭ ኒም ዛፍ ሥር ተጣጥፎ አገኘው።

«ልቆርጥ ነው የመጣሁ እንጂ ልቆረጥ አይደለም» አለ ምንይችል። «እኔ ሰሊጥ ነኝ?»

ስንሻውም ቃሉን የሚያውቀው ከዚያው እርሻ ነው፤ አመነው። ወደ ሎሪው ሊመልሰው ክንዱን ሲይዘው እትዬ ዕፀገነት እያለከለኩ ደረሱ። ማሽኑ ፎቶ እንደሚያነሳ፣ እንደ ዳቦ ቆራርጦ የሚያሳየውም ፎቶውን እንደሆነ አስረዱት። «ቆራርጦ» የሚለው ላይ ምንይችል ሊሮጥ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከ። ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። እትዬ ልጁን አዩት፤ ፀሐይዋን አዩ፤ ጊዜ የለም፤ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ።

«ማርያምን፣ እኔ አምስት ጊዜ ገብቼበታለሁ። የቱ ጋ ነው የተቆረጥሁት?»

ምንይችል ከላይ እስከ ታች ተመለከታቸው። ከእሳቸው ላይ የጎደለ ነገር አይታይም፤ እንዲያውም የተጨመረ ይመስላል። ተነስቶ ተከተላቸው።

የማሽኑ ክፍል ሲከፈት እትዬ አንገታቸውን አስግገው ያንን ትልቅ ነጭ ቀለበት አዩት። «እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው» አሉ በሹክሹክታ። ከኋላቸው የነበረው ስንሻው ሰማ። የምንይችልን ክንድ ይዞ ወደ ቀለበቱ አቀረበው።

ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ፦ ትርፍ አንጀቱ አብጧል፤ አልፈነዳም። በዚያው ከሰዓት ኦፕራሲዮን ተደረገ። ምንይችል ሲነቃ መጀመሪያ የፈለገው እትዬን ነው።

«አትቆረጥም ብለውኝ...»

«ማሽኑ ቆረጠህ? የቆረጠህ ሐኪም ነው። ሁለቱን አታደባልቅ።»

ስንሻው ጓደኛውን ሊያስታምም ገዳሪፍ ሰነበተ። ማክሰኞ ለምሳ ፉል ቤቱ ሲሄድ እትዬ ለሰው ሁሉ ይቀዳሉ፤ ለራሳቸው ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ባልገረመው፤ ምን ጾም ነው አላቸው።

«ያላየሁትን አወራሁ» አሉ፣ ድስቱን እያማሰሉ። «በእመቤቴም ማልሁበት። አምስት ጊዜ ነው ያልሁ፤ አምስት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የነፍስ አባቴ ያሉት ጎንደር ነው፤ ንስሐውን ራሴ ሰጠሁት።»

ስንሻው ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ አልመጣም። በባሱንዳ ሜዳ ላይ የበጠበጠው ፌጦ ትዝ አለው፤ ያን ሲጠጣ የምንይችል ዓይን። ያነሳውን ቁራሽ ሳህኑ ላይ መልሶ ሳህኑን ገፋው።

«ሁለቱን ቀን እኔ ልጹምልዎት፣ እትዬ። እኔም ሳላይ መጋኛ ብያለሁ።»

እትዬ ዕፀገነት ጭልፋውን አስቀምጠው ሳህኑን አንስተው ከደኑለት።

«ሦስቱን» አሉት። «አንተ ፌጦም አጠጥተሃል።»