በፕላስቲክ የታተመው አፌ

ሰው ስለ ገዛ ጥርሱ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ክራንቻችሁ ወደየት እንዳጋደለ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ጓዳውን የሚያውቁት ስንስቅ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ናቸው። እኔ ግን ማሻ አላህ፣ አፌን መዳፌ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን ያየሁ ሴት ነኝ። ከቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ነጋዴዎች ይህን ክብር ያገኘ ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ!

ነገሩ የጀመረው በደራቢዬ ነው። ከላይ በግራ በኩል አንዷ ጥርሴ ቦታ አጥታ ጎረቤቷ ላይ ተደርባ በቅላለች። ሥጋ በበላሁ ቁጥር ግማሹ እዚያ ይቀራል፤ ጎረቤቷም መበስበስ ጀመረች። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ እሳት የላሰ። ብሩሽ የምታክል ካሜራ አፌ ውስጥ እያዞረ ጥርሴን አንድ በአንድ ቀረጸና፣ አዲስ አበባ እልከዋለሁ፣ እዚያ ያለው ፕሪንተር በፕላስቲክ ያትመዋል አለኝ። እኔ የማውቀው ፕሪንተር የሚያትመው ደረሰኝና የሠርግ ጥሪ ነው፤ አፍ ይታተማል ብሎ ማን ነግሮኝ?

በሳምንቱ ሦስት መንጋጋ በካርቶን ሆኖ በአውቶቡስ መጣ። የደስታዬን ነገር አትጠይቁኝ! የመጀመሪያው ልክ የዛሬው አፌ ነው፤ ደራቢዋ እንደተሰቀለች፣ ፍንጭቴም መሐል ላይ እንደተከፈተች። ልጅ ሆኜ ቆርኪ ስከፍትባት የተሸረፈችው ጥርስ እንኳ አልቀረችም። ሌሎቹ ሁለቱ ገና ያልሆኑ አፎች ናቸው፤ ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት ኋላ የሚሆነውን በእጁ ዳስሶ እንዲያይ የታተሙ። በሁለተኛው ፍንጭቴ ተዘግታለች፤ ጥርሶቹ ስለተጠጋጉ ደራቢዋም ቦታ አግኝታ ሰልፍ ገብታለች። በሦስተኛው ደራቢዋ ተነቅላ ፍንጭቴ በቦታዋ አለች። ደራቢዋና ፍንጭትሽ አብረው አይኖሩም፣ አንዷን ምረጪ አለኝ። እሱ የወደደው ፍንጭቴ የተዘጋችበትን ነው። አንድም ጥርስ ሳይነቀል ችግሩ ይፈታል አለ።

ችግሩ! ፍንጭትን ችግር ብሎ የሚጠራ ሰው የት ነው የተማረው? አገር በሙሉ ፍንጭት ፍንጭት እያለ ሲዘፍን ይህ ልጅ ጆሮው የት ነበር?

ሦስቱንም ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው አይታ፣ ምነው ልጄ፣ ከማን መቃብር አወጣሻቸው ብላ ጮኸች። የኔ መሆናቸውን ስነግራት የመጀመሪያውን አንስታ አገላበጠችና፣ ሸጋ ነው፣ ድዱን ምነው ሳይነቅሱት ቀሩ አለች። ሁለተኛውን ስታይ ግን፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት ብላ ጠየቀችኝ። አያችሁ? የወለደችኝ እናት አላወቀችኝም!

የቀረው ባሌ ነው። ሰዒድ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጎንደርና መተማ ይመላለሳል። ስደውልለት አይከል አካባቢ ነበር፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሐኪሙ እንዲህና እንዲያ አለኝ ብዬ ስለፈልፍ የሰማሁት መልስ ይህ ብቻ ነው፦ እኔ እኮ የተሸነፍኩት በሷ ነው፣ ወላሂ እሷን እንዳታስነኪ። ተቋረጠ። ከዚህ በላይ ፍቅር አለ? ስንት ዘመን በትዳር ኖረን ዛሬም ስለ ፍንጭቴ ይምላል! እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ሄጄ ሦስተኛውን መረጥኩ። ሐኪሙ የት እንደሚይዝ፣ በየት እንደሚያወዛውዝ ሞዴሉ ላይ አስቀድሞ ስላጠናው ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም፤ ደራቢዋ ወጣች። የበሰበሰችውንም ጎረቤቷን ሞላልኝ። አፌን በጥጥ ሞልቼ እስከ ቁስቋም እየሳቅሁ ሄድኩ፤ መንገደኛው ምን እንዳለኝ አላህ ይወቅ።

ሰዒድ ቅዳሜ ገባ። በር ላይ ቆሜ ፍንጭቴን ወለል አድርጌ ሳቅሁለት። አየኝ። ደግሞ አየኝ። የት ሄደች አለኝ። ይቺውና፣ አለችልህ ብዬ ፍንጭቴን በጣቴ አሳየሁት። እሷን ማን ጠየቀሽ፣ ፍንጭትማ እህቶቼም ሁሉ አላቸው፣ ደራቢሽ የት ሄደች ብሎ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ።

አሁን የመጀመሪያው መንጋጋ የአይሱዙው ዳሽቦርድ ላይ ተለጥፎ መተማ ይመላለሳል። ሹፌሮች ሲጠይቁት ሚስቴ ናት ይላል አሉ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ በገዛ ጥርሴ እቀናለሁ።